መብራቱ በርቶ ያልጮኸው መጥሪያ

መሐንዲሱ ሲሞቱ አውራ ጣታቸው መጥሪያው ላይ ነበር። ከአንገታቸው በታች የሚታዘዝላቸው እሱ ብቻ ነበር፤ እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽም ታዟል። አጥብቀው ከመጫናቸው የተነሣ የመጥሪያው ጠርዝ ጣታቸው ላይ ክብ ምልክት ትቷል። ሬሳቸው ሲገኝ ትንሿ ቀይ መብራት ቦግ ብላ በርታ ነበር። ሰው ግን አልሰማቸውም።

በማግሥቱ ጠዋት መርማሪዋ በሩን ስታንኳኳ የከፈቱላት ሚስትየው ነበሩ። የቤቱ ሰውም ጎረቤቱም «እማማ ቋጠሮ» ይላቸዋል። ስሙን ያወጣላቸው የልጅ ልጃቸው ነው፤ ምን ይዋሻል፣ ልክ ነው። በዚያ ቤት ያልታሰረ ነገር አይገኝም። የጋዙ እጀታ ሳይታወቅ እንዳይከፈት ታስሯል። መቀሱ እንዳይጠፋ ከምስማር ጋር ታስሯል። የመስኮቱ መዝጊያ፣ የውኃው ባልዲ ክዳን፣ የባትሪው መያዣ፣ ሁሉም ሰማያዊ አበባ ካለበት አሮጌ ቀሚሳቸው በተቀደደ ጨርቅ፣ ሁለት ጊዜ በተደራረበ ቋጠሮ ታስሯል። ፍርሃታቸውን በጨርቅ አስረው የሚያኖሩ ሴት ናቸው። የትናንቱ ግን ከእጃቸው አመለጠ።

«ግቢ ልጄ፣ ደረጃው ያዳልጣል፣ ቀስ በይ» አሉ። ባላቸው ትናንት ሞተውባቸው፣ የልጅ ልጃቸው ፖሊስ ጣቢያ አድሮባቸው፣ እሳቸው የሚጨነቁት ለማያውቋት ሴት እግር ነው።

መርማሪዋ ጎልማሳ ናት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ቦርሳዋን ትበረብራለች።

«ምን ጠፋሽ?»

«መነጽሬ፣ እማማ።»

«ግንባርሽ ላይ ነው።»

መነጽሯን ግንባሯ ላይ አድርጋ የምትፈልግ ሴት ናት የእኔን ልጅ ከዚህ መዓት የምታወጣው? አሉ እማማ ቋጠሮ በልባቸው። የልጅ ልጃቸው እንደሆነ ራሱን ጥሏል። ፖሊሶቹ ገና ሳይጠይቁት «እኔ ነኝ የገደልኳቸው፤ ኮምፒውተሩን የሠራሁት እኔ ነኝ» ብሏቸዋል። አያቱ «ብሎን» ይሉት ነበር፤ ሕፃን ሳለ የቤቱን ብሎን ሁሉ እየፈታ ስላስቸገራቸው። እናቱ ገና ጡት ሳይጥል ሞታበት በእማማ ቋጠሮ ጀርባ ያደገ ነው። እሱ ከታሰረ እሳቸው የሚተርፋቸው ነገር የለም።

መርማሪዋ የሟቹ ክፍል ገብታ እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ ዙሪያውን ቃኘች። አስከሬኑ ለምርመራ ተወስዷል። ባዶው አልጋ ከግድግዳው ተጠግቷል። በአልጋውና በበሩ መካከል ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ያረጀ ላፕቶፕ። የላፕቶፑ ግራ ጎን ወደ ግድግዳው፣ ቀኝ ጎኑ ወደ በሩ ዞሯል። የመጥሪያው ገመድ በበሩ በኩል ካሉት ሁለት ቀዳዳዎች በአንዱ ተሰክቷል።

«ከትናንት ወዲህ የነካው ሰው አለ?»

«ማንም። ፖሊሶቹ ፎቶ አንስተው ክፍሉን ቆልፈው ሄዱ።»

«እስቲ አሠራሩን ያስረዱኝ፤ እኔ ለዚህ ነገር እንግዳ ነኝ።»

አስረዷት። መሐንዲሱ አክታ ድንገት ጉሮሯቸውን ይዘጋባቸዋል። ሰው ቶሎ ደርሶ በጎናቸው ካላስተኛቸውና በመምጠጫው ካላወጣላቸው ያልቅላቸዋል። ብሎን ለሌላ ነገር የማይሆን አሮጌ ላፕቶፕ አገኘ፤ ሊኑክስ የተባለውን ማንቀሳቀሻ ፕሮግራም ጫነበት፤ መጥሪያውን ከአያቱ አውራ ጣት ሥር አደረገ። ሲጫኑት በወጥ ቤቱም፣ በጓሮውም፣ በአስታማሚዋ ክፍልም ደወል ይጮኻል። ስንቴ አድኗቸዋል!

«ኮምፒውተሩ ከዚህ በፊት አስቸግሮ ያውቃል?»

እማማ ቋጠሮ እጃቸው ሳያስቡት ወደ ደረታቸው ሄደ። «አርጅቷል፣ ልጄ። ያረጀ ነገር እንደኔው ነው፤ ዛሬ ይሰማል፣ ነገ አይሰማም።»

«ትናንት ከቤት ሲወጡ ደወሉ ይሠራ ነበር?»

«እኔ እንጃ። አላስታውስም።»

ዋሹ። ሁለት ነገር ደብቀው ነበር የዋሹት። አንደኛው ብሎን በቅርቡ በጆሯቸው የነገራቸው ነው፦ «እማማ፣ የኮምፒውተሩን ቀዳዳዎች ዘግቻቸዋለሁ፤ መጥሪያዋን ግን ከዚህ ማንም እንዳይነቅላት።» ለምን እንደሆነ አልጠየቁትም። ሁለተኛው ደረታቸው ውስጥ የሸጎጡት የተበጠሰ ጨርቅ ነው፤ ትናንት ጩኸት ሰምተው ሲገቡ ከጠረጴዛው ሥር ያነሡት። ልጁ በገዛ እጁ ቀዳዳ መዝጋቱ ከተሰማ አለቀለት ብለው አሰቡ። ነገሩ በእርጅና ከተሳበበ ግን ያረጀ ዕቃ ማንንም አያስከስስም። ይህን ሲያስቡ ሌሊቱን ሙሉ ዓይናቸው አልተከደነም።

አስታማሚዋ ተጠራች። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ደወሉ አልጮኸም!» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ድምፅ ማጉያውን ከማጠቢያው አጠገብ አድርጌ ነው የማጥበው። ሙች ብለው ቢያስምሉኝ እንኳ አልጮኸም! ልብሱን አስጥቼ ስገባ አባባ...» መጨረስ አቃታት።

«ከዚያ በፊትስ መቼ ጮኸ?»

«ምሳ አብልቻቸው እንደ ሁልጊዜው ሞክሬዋለሁ። ጣታቸውን ይዤ ‹አባባ፣ እስቲ ይጥሩኝ› እላቸዋለሁ፤ ይጫናሉ፤ ‹አቤት› እላለሁ፤ በዓይናቸው ይስቁብኛል። ትናንትም ጮኋል። ከዚያ ሳህኑን ይዤ ወጣሁ። ዳይሬክተሩ በር ላይ አሳልፈውኝ ገቡ።»

ዳይሬክተሩ የእማማ ቋጠሮ አንድ የቀረ ልጅ ነው፤ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ስለሆነ ቤተሰቡም በሹመቱ ይጠራዋል።

«መጮኹን ከአንቺ ሌላ የሰማ አለ?»

«እማማ አሉ! ገና ከግቢ አልወጡም ነበር። እማማ፣ ሰምተዋል አይደል?»

እማማ ቋጠሮ ወለሉን አዩ። «እኔ እንጃ ልጄ፤ ጆሮዬም ደክሟል።»

አስታማሚዋ ክው አለች። «እማማ! እንዲህ ሊያደርጉኝ ነው? ሠራተኛ ስለሆንኩ ነው?» ብላ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ወጣች። እማማ ቋጠሮ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ። አንዱን ልጅ እጠብቃለሁ ሲሉ የሰው ልጅ ገደል አፋፍ ላይ አቆሙ።

ቀጥሎ የመጣው የኮምፒውተር ጠጋኙ ነው። ሱቁ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ላፕቶፕን ሁሉ «በሽተኛ» ስለሚል ሰፈሩ «ሐኪሙ» ይለዋል። ከጥቂት ቀናት በፊት ዳይሬክተሩ ጠርቶት ይህንኑ ላፕቶፕ አይቶት ነበር።

«ፖርቶቹ፣ ቀዳዳዎቹ ማለቴ ነው፣ ሞተዋል ብዬ ነግሬያቸዋለሁ» አለ እጁን እያርገበገበ። «ማውስ ሰካሁ፣ ዝም። ፍላሽ ሰካሁ፣ ዝም። የቀረችው ያቺ በግድግዳው በኩል ያለችው፣ መጥሪያዋ ያለችባት ነበረች፤ እሷም ቀኗን ነው የምትጠብቀው አልኩ። ቦርዱ ተቃጥሏል።»

«ከፍተህ አየኸው?»

«ልምድ ነው እንጂ ምን መክፈት ያስፈልጋል።»

መርማሪዋ ስልኳን አውጥታ በገመዱ በበሩ በኩል ባለው በሌላው ቀዳዳ ሰካችው። ስልኩ ጢጥ ብሎ መሞላት ጀመረ።

«ሞቷል ያልከኝ ቀዳዳ ስልኬን እያጠባልኝ ነው፣ ሐኪሙ።»

«ኤሌክትሪኩማ... ኤሌክትሪክና ሥራ ይለያያል።»

«ጥሩ። እንለየዋ።» ከሱቁ ኪቦርድ አስመጣች። ላፕቶፑን አጥፍታ፣ ኪቦርዱን በዚያው ቀዳዳ ሰክታ መልሳ አበራችው። ሊኑክሱ ገና ሳይነሣ፣ መጀመሪያ በሚመጣው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቁልፎቹን ስትጫን ምርጫው ሽቅብ ቁልቁል ተንቀሳቀሰ። ሊኑክሱ ተነሣ። መልሳ ተጫነች። ጭጭ። የኪቦርዱ መብራት ግን እንደበራ ነው።

«ቀዳዳው ጤነኛ ነው» አለች። «ኤሌክትሪክ ይሰጣል፣ ሊኑክሱ እስኪነቃ ድረስም ይታዘዛል። ሊኑክሱ ከነቃ በኋላ ነው አላውቅህም የሚለው። ይህ መቃጠል ሳይሆን ክልከላ ነው። ሰው ያዘዘው ክልከላ።»

ሐኪሙ ራሱን አከከ። «ሊኑክስ እኮ ነው! እኔ የማክመው ሌላውን ነው።»

እማማ ቋጠሮ ያረጀ ዕቃ ነው ያሉት ነገር ግን ዓይናቸው እያየ ተናደ። ሰው ያዘዘው ክልከላ! ያዘዘውስ ማን ነው? ብሎን። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና የባላቸውን ትራስ አቅፈው አለቀሱ።

መርማሪዋ ያየቻቸው አልመሰለችም። እንደገና ቦርሳዋን ትበረብራለች።

«ምን ጉድ ነሽ አንቺ ልጅ! መነጽርሽ ጆሮሽ ላይ ተንጠልጥሏል!» አሉ በእንባቸው መሐል። አላስችላቸው አለ። ከቀሚሳቸው ኪስ አበባ ያለበት ቅዳጅ አወጡ፤ የመነጽሩን ሁለት ክንፍ በጨርቁ አያይዘው፣ ሁለት ጊዜ ቋጥረው አንገቷ ላይ አጠለቁላት። «ይኸው። አሁን ብትጥዪው እንኳ ከአንገትሽ አይወርድም።»

መርማሪዋ ጨርቁን በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ መስኮቱን አየች፤ መምጠጫ ማሽኑን አየች፤ የመድኃኒቱን ሣጥን አየች። ሁሉም ላይ ያው አበባ አለ። በመጨረሻ የመጥሪያውን ገመድ አየች። ገመዱ ራቁቱን ነው።

«ዳይሬክተሩን ጥሩልኝ» አለች ብቻ።

ዳይሬክተሩ ሱፉን ለብሶ፣ ፂሙን ተላጭቶ መጣ። የሚናገረው ሪፖርት እንደሚያቀርብ ሰው ነው።

«እኔ ያየሁትን በቅደም ተከተል ልንገርዎ። ይህ ልጅ የአባቴን ሕይወት በቆሻሻ ዕቃ ላይ አንጠለጠለው። ፍላሽ ስሰካ አይሠራም፤ ባለሙያ አስመጣሁ፤ ባለሙያው ሞቷል አለ። የሰማኝ የለም። እናቴም ለእሱ ስትል ዓይኗን ጨፈነች። ይኸው ውጤቱ።»

«ትናንት ስንት ሰው ነበር ከአባትዎ ጋር?»

«እኔ ብቻ። እማዬ ወደ መድኃኒት ቤት ስትወጣ በር ላይ ተገናኘን። አስታማሚዋ ወደ ጓሮ ሄደች። አባቴ ተኝቶ ነበር። ግንባሩን ሳምኩት፣ ትንሽ አጠገቡ ቆየሁ፣ ወጣሁ።»

«ሲወጡ መጥሪያው ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር። ዞር ብዬ አይቻለሁ፤ ልማዴ ነው፣ ነገር አረጋግጬ ነው የምወጣው። በዚህ በበሩ በኩል ተሰክቷል፣ ቀይ መብራቱም በርቷል። ጣቱም ላዩ ላይ ነበር። እኔ ስወጣ የጎደለ ነገር አልነበረም። እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው ኮምፒውተሩ የከዳው።»

«በዚህ በበሩ በኩል» አለች መርማሪዋ በቀስታ።

«አዎ፣ በዓይኔ ያየሁትን ነው።»

ከሰዓት በኋላ ብሎንን ከጣቢያ አመጡት። ሁሉም በሟቹ ክፍል ተሰብስበዋል፤ ዳይሬክተሩ መስኮቱ ጋ፣ አስታማሚዋ በሩ ጋ ከእማማ ቋጠሮ ርቃ፣ ሐኪሙ ጥግ ይዞ። የልጁ ሁለት እጅ በካቴና ታስሯል። አንድ ሌሊት አስር ዓመት ጨምሮበታል። እማማ ቋጠሮ ዘለው አቀፉት።

«አባብዬ፣ በልተሃል? ብርድ መታህ?»

«ተዪኝ እማማ። እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

«ዝም በል! አፍህን ያዝ!»

«ይናገር እማማ» አለች መርማሪዋ። «እስካሁን እሱን የጎዳው ዝምታ ነው። ቀዳዳዎቹን የዘጋሃቸው አንተ ነህ?»

እማማ ቋጠሮ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እኔ ነኝ» አለ ብሎን። «አጎቴ ለአያቴ ዘፈን ላሰማቸው እያለ ፍላሽ ይሰካል። አንድ ቀን በዚያ ምክንያት ኮምፒውተሩ ደርቆ ደወሉ ሳይጮህ ቀረ፤ አያቴን ለጥቂት ነው ያተረፍናቸው። ከዚያ ዘበኛ አቆምኩበት። ፕሮግራም ነው። የሚያውቀውን ዕቃ ብቻ ያስገባል፣ ሌላውን ይመልሳል።»

«ታዲያ መጥሪያውን ያውቀዋል?»

«ያውቀዋል። ግን ርካሽ መጥሪያ ነው፣ የራሱ መለያ ቁጥር የለውም። ሺህ አምሳያ አለው። ስለዚህ ዘበኛው የሚያውቀው በመጣበት በር ነው። በግድግዳው በኩል ካለችው ቀዳዳ ከመጣ ያስገባዋል፤ በሌላ በኩል ከመጣ ባዳ ነው። መብራቱ ይበራል፣ ኤሌክትሪኩ ስለማይቋረጥ፤ ደወሉ ግን አይጮህም። ሌላ ቀዳዳ ላይ ይሰካል ብዬ አላሰብኩም። ለማንም በደንብ አላስረዳሁም። እኔ ነኝ ጥፋተኛው።»

«ሰማችሁ?» አለ ዳይሬክተሩ። «ከራሱ አፍ!»

«ሰምተናል» አለች መርማሪዋ። «አሁን እኛም በጆሯችን እንስማ።»

ወደ ጠረጴዛው ሄዳ መጥሪያውን በተሰካበት በበሩ በኩል እንዳለ ተጫነችው። ቀይዋ መብራት በርታለች። ቤቱ ጸጥ እንዳለ ነው። ነቀለችው። በጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ፣ እጇን ከላፕቶፑ ኋላ አዙራ በግድግዳው በኩል ሰካችው። ተጫነች።

ደወሉ ቤቱን አናወጠው። ከወጥ ቤት፣ ከጓሮ፣ ከአስታማሚዋ ክፍል በአንድ ጊዜ ጮኸ። አስታማሚዋ «አቤት አባባ!» ብላ ወደ አልጋው ሮጠች፤ ባዶውን አልጋ ስታይ በቆመችበት እሪ አለች። እማማ ቋጠሮ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ድምፁ የባላቸው ድምፅ ነበር። ለዓመታት ሲጠሩባቸው የኖሩበት።

መርማሪዋ ደወሉ እስኪያባራ ጠበቀች።

«እንግዲህ» አለች፣ «ኮምፒውተሩ አልከዳም። ከትናንት እስከ ዛሬ የታዘዘውን እያደረገ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፤ ገመዱን ከግድግዳው በኩል ነቅሎ በበሩ በኩል የሰካው ማን ነው? ይህን ለማድረግ የይለፍ ቃል አያስፈልግም፣ ሊኑክስ ማወቅም አያስፈልግም። እጅ ያለው ሁሉ ይችላል። ከሚችሉት ግን ብሎን ይወጣል፤ ትናንት ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ሲማር እንደነበር መምህሩ አረጋግጦልናል፤ ደግሞም በበሩ በኩል እንደማይሠራ ከሁሉ በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። አስታማሚዋም እንደነገረችኝ አንሶላ በቀየረች ቁጥር ትነቅላለች፣ በቦታው ትመልሳለች፤ እጇ ለምዶታል። ሐኪሙ ትናንት ከሱቁ አልወጣም። ይህን ያደረገው ገመዱን በእጁ ሰክቶ የማያውቅ፣ የቸኮለ፣ በበሩ በኩል የቆመ፣ ጎንበስ ብሎ ከኋላ መድረስ የከበደው ሰው ነው። መብራቱ ሲበራ አይቶ እንደነበረው መለስኩት ብሎ አመነ።»

«አስታማሚዋ ተሳስታ ቢሆንስ?» አለ ዳይሬክተሩ። «ሞከርኩት ያለችው እሷው ናት። ማን ሰማላት?»

«ልክ ነዎት። ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው የቆመው።» መርማሪዋ አንገቷ ላይ ያለውን ጨርቅ ያዘች። «እማማ፣ ለማያውቋት ሴት መነጽር ጨርቅ ቀደው ያሰሩ እናት የባልዎን ሕይወት የያዘውን ገመድ ሳያስሩት አይቀሩም። ቤቱን ሙሉ አየሁት። ያልታሰረ እሱ ብቻ ነው። ጨርቁ የት አለ?»

እማማ ቋጠሮ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አነባበሩ።

«ሌላም ልጠይቅዎ። ልጅዎን በር ላይ ሲያገኙት ደወሉ ጮኋል ወይስ አልጮኸም? ከጮኸ ገመዱ ያን ሰዓት በግድግዳው በኩል ነበር። ልጅዎ ደግሞ ሲወጣ በበሩ በኩል ነበር ብሏል፤ በዓይኔ አይቻለሁ ብሏል። በመሐሉ እዚህ ክፍል የገባ ሌላ ሰው የለም። ካልጮኸ ግን...» ወደ ብሎንና ወደ አስታማሚዋ አየች። «ካልጮኸ፣ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሳይሄድ ነክቶት ሊሆን የሚችለው ልጅ ወይም ሞከርኩት ያለችው ሴት ይጠየቃሉ።»

የሰማ ሁሉ ወደ እማማ ቋጠሮ ዞረ። ዳይሬክተሩም ዞረ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እማዬ» አለ። «ጆሮሽ እኮ ደክሟል። ራስሽ ሁሌ ትያለሽ።»

እሳቸው ግን ትናንትን እያዩ ነበር። በሩን ሲከፍቱ ልጃቸው ቆሞ ነበር። የጫማው ክር ተፈትቶ መሬት ይጎተታል። «ክርህን እሰር፣ ትወድቃለህ» ሲሉት ደወሉ ጮኸ፤ «ይኸው አባትህም እየተቆጣህ ነው» ብለው ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ክሩንም ሳያስር አልፏቸው ገባ። ያን ሁሉ ሌሊት ሲያስታውሱት አድረዋል። ትርጉሙን ላለማወቅ እየታገሉ ነበር የሚያስታውሱት።

አንዱን ልጅ ቢያወጡ ሌላውን ይከቱታል። ዝም ቢሉ ሁለት ንጹሕ ሰው ይበላል። ብሎንን አዩት፤ ካቴናው እጁን ልጦታል። ቀስ ብለው እጃቸውን ደረታቸው ውስጥ ከተቱና ጨርቁን አወጡ።

«ጮኋል» አሉ። ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። «ልጄ በር ላይ ቆሞ ሳለ ጮኋል። ይሄም የኔ ቋጠሮ ነው። ከጠረጴዛው ሥር አገኘሁት። አስታማሚያችን ብትሆን፣ ብሎንም ቢሆን፣ ቋጠሮዬን መፍታት ያውቃሉ። ይሄ አልተፈታም። ተበጥሷል።»

አስታማሚዋ ማልቀስ ጀመረች። ዳይሬክተሩ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ።

«ለአንቺ ብዬ ነው እማዬ» አለ። «ወደ መጦሪያ እንውሰድህ፣ እማዬ ትረፍ፣ እያለቀች ነው አልኩት። መጥሪያውን አንዴ ከተጫነ እሺ፣ ሁለቴ ከተጫነ እምቢ ነው። እምቢ፣ እምቢ፣ እምቢ አለኝ። ሠራተኛዋ እንዳትሰማ ብዬ ገመዱን አስቀድሜ ነቅዬው ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠራብኝ ይስማኝ ብዬ! ከዚያ... አነቀው።»

«መጥሪያውን ተጫኑ?» አለች መርማሪዋ።

«ተጫነ። እያየኝ ተጫነ። ገመዱ እጄ ላይ ነበር።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «መጮህ እችል ነበር። ሴትዮዋ ጓሮ ነበረች። ቆምኩ። ዝም ብዬ ቆምኩ። ሲያልቅ መለስኩት። መብራቱ በራ። በቃ፣ ሳይጠራ ሞተ ይላሉ አልኩ።»

«ደወሉ አልጮኸም ሲባልስ? ልጁ ሲታሰርስ?»

ብሎን «አጎቴ» ብሎ ወደ እሱ አንድ እርምጃ ሄደ።

ፖሊሱ ካቴናውን ከአንዱ ፈትቶ ለሌላው አጠለቀ። ያቺ ትንሽ ኳ የምትል ድምፅ እማማ ቋጠሮን ከመሐላቸው ሰነጠቀቻቸው። ብሎን የተፈታ እጁን ሲያሻሽ አዩ፤ ደስታቸውን ፈለጉት፤ አለ፣ ግን መተንፈሻ አልሰጣቸውም።

ዳይሬክተሩን ይዘው ወደ በሩ ሄዱ። የእናቱን ፊት ማየት አልቻለም፤ አንገቱን ደፍቶ እግሩን ያያል።

«ቆይ!» አሉ እማማ ቋጠሮ።

ፖሊሱ ቆመ። አሮጊቷ እየተንገዳገዱ መጡ፤ ግድግዳውን ይዘው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ ከልጃቸው እግር ሥር ቁጭ አሉ። የቀኝ ጫማው ክር ዛሬም ተፈትቶ ነበር። ሳቡት፣ አጠበቁት፣ አንዴ ቋጠሩት። ሁለተኛውን ቋጠሮ ላዩ ላይ ደገሙበት።

«እማዬ፣ ተዪ» አለ ልጃቸው፤ እንባው እጃቸው ላይ ወረደ።

«ደረጃው ያዳልጣል» አሉ። «እንዳትወድቅ።»